ካኩማን በእግር፦ ልጆቻችን ከማን ጋር ይጨፍራሉ?

የዚህ ዕትም የጉዞ ዓምዳችን ሩቅ አይወስዳችሁም። የመውጫ ፈቃድም ሆነ የአውቶቡስ ሳንቲም አያስፈልግም። ጫማ አጥብቆ ውኃ መያዝ ብቻ ነው። ከካኩማ አንድ፣ ከእኛው ሰፈር ተነስተን ካምፑን በእግር እንዞራለን። የምንፈልገውም ልጆች በከበሮ፣ በጭብጨባና በዜማ አብረው የሚንቀሳቀሱባቸውን ቦታዎች ነው።

«ራሽን በተቀነሰበት ጊዜ ስለ ጭፈራ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በየቤቱ የሚሰማውን ስሞታም እናውቃለን። «ልጄ ከእነእገሌ ሰፈር ልጆች ጋር ድንጋይ ተወራወረ»፣ «ከብሎካችን እንዳትወጪ ብያታለሁ»፣ «አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አይነጋገሩም» ይባላል። ትልልቆቹ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ቂም ሳይቀር ልጆቹ ላይ ሲወርድ ይታያል። ታዲያ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ልጆች ራሳቸው ሳይታዘዙ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ በአንድ ምት አብሮ መንቀሳቀስ። ይህ ነገር ልጆችን እንደሚያቀራርብ በተለያዩ አገሮች ተፈትኖ ታይቷል። ነገር ግን የሚያቀራርበው አብረው የተንቀሳቀሱትን ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ስለሆነ በየመንገዱ እናነሳዋለን።

ካምፑ በአጭሩ

ለአዲስ ገቢዎች ያህል፣ ካኩማ የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ በቱርካና ምድር፣ ከሎድዋር ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች መካከል የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ረጅሙን መንገድ በእግራቸው የመጡ ብዙ ልጆች ነበሩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንም ከነባሮቹ ይቆጠራሉ። ካምፑ እያደገ አራት ክፍል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የካሎበዬ መንደር ተጨመረ። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ላይ 300 ሺህ ያህል ሰው ይዘዋል፤ ከዚህም ከግማሽ በላዩ ከ18 ዓመት በታች ነው። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከብሩንዲ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሱዳን፣ ከኡጋንዳና ከሩዋንዳ የመጡ ወላጆች ልጆች ናቸው። ካኩማ የልጆች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእኛ ሰፈር ስንነሳ

ጠዋት በኢትዮጵያውያኑ ሰፈር ሲያልፉ አስቀድሞ የሚቀበልዎ የቡና ጭስ ነው። ከዚያ የምጣዱ ሽታ፣ ከዚያ ከአንዱ ሱቅ የሚወጣው ዘፈን። ሱቁ በር ላይ ገና በቅጡ መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ጉልበቱን እያጠፈ ሲነቃነቅ ብታዩ አትገረሙ። ሕፃናት ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነታቸው ዝም አይልም፤ ይህ በየትኛውም አገር ያለ ነው።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሰንበት ተማሪዎቹ ይሰለፋሉ። ከበሮው ሲመታ ረድፉ ወደ ግራ፣ ሲመታ ወደ ቀኝ ይላል። ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከትልልቆቹ መካከል ቆማ እግሯን ስታስተካክል ታያላችሁ። ማንም ቁጥር አይቆጥርላትም፤ የጎረቤቷን ትከሻ አይታ ትገባለች። በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም መንዙማ ሲባል ድቤው ይመታል፤ ልጆቹም እያጨበጨቡ እንደ ማሽላ ማሳ አንድ ላይ ወዲህና ወዲያ ይላሉ።

ቡሄ ሲደርስ፣ ነሐሴ 13 አካባቢ፣ ወንዶቹ ልጆች ዱላቸውን ይዘው በየበሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። አንዱ አውራጅ ነው፤ ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው። ዱላው ሁሉ እኩል መሬት መምታት አለበት። አንዱ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ጭፈራው ይበላሻል፤ የቤቱ ባለቤትም ይስቃል። ስለዚህ ልጁ ሳያውቀው ሌላውን ይጠብቃል፣ ሌላውን ያዳምጣል። በመጨረሻ የተገኘው ሙልሙል ወይም ሳንቲም ለሁሉም ይካፈላል። ስለ መተባበር ማንም ሌክቸር አልሰጣቸውም፤ ዱላው ነው ያስተማራቸው።

የእኛው ሰፈር ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትከሻውን ያውቃል፣ ሌላው እንደ ጉራጌ እግሩን፣ ሌላው እንደ ሸዋ ኦሮሞ አንገቱን፣ ሌላው እንደ ወላይታ ወገቡን። እዚህ የተወለደ ልጅ ግን በአንድ ሠርግ ላይ አራቱንም ሲሞክር ይታያል። አባቶቹ በፖለቲካ በማይስማሙበት ግቢ ልጆቹ በእግር ይስማማሉ።

በእናት ጀርባ የሚጀመር ትምህርት

መንገዳችንን ስንቀጥል ልጅ አዝላ እሹሩሩ የምትል እናት እናገኛለን። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ከእርምጃዋ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ በካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ የሚመስል ነገር ፈትነው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። 14 ወር የሞላቸውን ሕፃናት አንድ ረዳት ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጋ በደረቷ ትይዛቸዋለች። ሌላ ሴት ከፊታቸው ትቆማለች። ሙዚቃ ይከፈትና ሁለቱም ጉልበታቸውን እያጠፉ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ከፊት ያለችው ሴት ከአንዳንዶቹ ሕፃናት ጋር እኩል ትነሳለች፣ እኩል ትወርዳለች። ከሌሎቹ ጋር ግን ሆን ብላ ምቱን ትስታለች።

ከዚያ ያቺው ሴት ዕቃ እንዳመለጣት ሆና ትጥላለች፤ የልብስ መቆንጠጫ ወይም እስክሪብቶ የመሳሰለውን። ታዲያ ከእሷ ጋር እኩል የተነቃነቁት ሕፃናት ዕቃውን አንስቶ በማቀበል ከሌሎቹ በለጡ። አፍ ያልፈቱ ልጆች ናቸው፤ «ይህች ከእኔ ጋር ናት» የሚለውን በሰውነታቸው ነው የተረዱት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ውጤት ግን ለእኛ የበለጠ ያስፈልገናል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሕፃናቱ ለሌላ ሰውም እንዲሁ ደግ ይሆኑ እንደሆነ አዩ። ያቺ አብራቸው የተነቃነቀችው ሴት ወዳጅ መሆኗን ያዩላትን ሴት ሕፃናቱ ረዱ። ምንም የማያገናኛትን እንግዳ ግን ከወትሮው አብልጠው አልረዱም። እንግዲህ አብሮ መንቀሳቀስ ልጅን ለሰው ሁሉ ደግ የሚያደርግ ክታብ አይደለም። አብሮት ለተንቀሳቀሰውና ለዚያ ሰው ወዳጅ በር ይከፍታል። ልጄ ከራሱ ወገን ልጆች ጋር ብቻ ከጨፈረ የራሱን ወገን ይበልጥ ይወዳል፤ ይህ መልካም ነው፤ ግን የውኃ ሰልፉን ጠብ አያበርድም።

ከውኃ ሰልፉ አጠገብ

የውኃ ሰልፉን ካነሳን ወደዚያው እንሂድ። ጄሪካኑ ቢጫ መስመር ሠርቷል። ቧንቧው ገና አልተለቀቀም። ጄሪካን የሚጠብቁት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ልጆች ናቸው። «የእኔ ነው ቀድሞ የቆመው» ይባላል፤ አንዷ የሌላዋን ጄሪካን በእግሯ ትገፋለች፤ በሦስት ቋንቋ ይሰዳደባሉ።

ከሰልፉ ጫፍ ደግሞ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው እጅ ለእጅ እያጋጩ ይጫወታሉ። አንዷ የእኛ ናት፤ ሁለተኛዋ በአነጋገሯ ኮንጎያዊት ትመስላለች። ቀኝ ለቀኝ፣ ግራ ለግራ፣ ሁለት እጅ፣ ጭብጨባ። ቃሉ ስዋሂሊ ይሁን ሌላ አይታወቅም፤ ግማሹ ራሳቸው የፈጠሩት ነው። ሲፈጥን ይሳሳታሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛ ትገባለች፤ ያቺው ጄሪካን ስትገፋ የነበረችው። አራት ሲሆኑ ክብ ይሠራሉ። ቧንቧው ሲለቀቅ ሁሉም ወደ ጄሪካኑ ይሮጣል። ያን ጊዜ ግን አንዷ የጓደኛዋን ጄሪካን ሳትለመን ወደፊት ስታስጠጋላት ይታያል። ይህን ለማየት የፈለገ ማንኛውም ወላጅ አንድ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው አጠገብ ቢቀመጥ በቂ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ነገር ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሌሎች ፈተናዎችም አሉ። በጀርመን፣ ላይፕሲግ ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ የ4 ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አጫወቱ። ጨዋታው ለሁሉም አንድ ነው፤ እንቁራሪቶች ኩሬ አጠገብ። አንዳንዶቹ ጥንዶች እየዘፈኑ፣ እየመቱና እየዘለሉ ተጫወቱት፤ ሌሎቹ ያለ ሙዚቃ። ከዚያ የአንዱ ልጅ ብይ የያዘ ቱቦ በመንገድ ላይ ተፈትቶ ብዩ እንዲፈስ ተደረገ። በሙዚቃ የተጫወቱት ልጆች ቆመው ጓደኛቸውን በመርዳት በለጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ፣ ሲያትል በታተመ ሥራ ደግሞ ሙዚቃ እንኳ አልነበረም፤ ዥዋዥዌ ብቻ። የ4 ዓመት ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው በዥዋዥዌ ተቀመጡ። እኩል የተወዛወዙት ጥንዶች ከዚያ በኋላ የተሰጣቸውን የትብብር ሥራ ቶሎ ተግባብተው ጨረሱ።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ምት ሲንቀሳቀሱ አንዱ ሌላው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የማውቀው ሰው አያስፈራኝም። ከዚህም ሌላ ዓይንም ጆሮም ወደዚያ ሰው ይዞራሉ፤ እሱም እንደ እኔ ሲያደርግ «እኛ» የሚል ስሜት ይፈጠራል። ልጅ ደግሞ ይህን በቃል ከመስማት በሰውነቱ ሲያገኘው ይቀለዋል።

ወደ ጎረቤቶቻችን ስንሻገር

ደረቁን አሸዋማ ወንዝ ተሻግረን ወደ ደቡብ ሱዳናውያኑ ሰፈር ስንደርስ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ትጀምራለች። ዲንካዎች ሲጨፍሩ ክንዳቸውን እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ከመሬት ቀጥ ብለው ይዘላሉ። ልጆቹም አባቶቻቸውን ተከትለው ይዘላሉ። ከካምፑ ውጭ የአገሩ ባለቤቶች ቱርካናዎችም ኤዶንጋ የሚሉት ጭፈራ አላቸው። እሱም ዝላይ ነው፤ ዘፈኑም ስለ ከብት ነው። ስደተኛውና ባላገሩ በማገዶና በውኃ ሲጋጩ ስንት ጊዜ አይተናል! እግራቸው ግን አንድ ዓይነት ነው የሚዘለው። ማጨብጨብ የቻለ ልጅ ሁሉ ሊገባበት ይችላል፤ ችሎታ የሚጠይቅ አይደለም።

የብሩንዲ ከበሮ ሲመታ ደግሞ ከሩቅ ይሰማል። መሐል አንድ ከበሮ፣ ዙሪያውን በግማሽ ክብ ሌሎቹ። መሪው ወደ መሐል ገብቶ ይዘላል፣ ይመታል፣ ይወጣል፤ ሌላው ይተካዋል። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ለልጅ የሚያስተምረው ተራን ነው፤ ማንም መሐል አይቀርም፣ ማንም ዳር አይቀርም። በሶማሌዎቹ ሰፈር የዳንቶ ጭፈራ ሲሆን በምቱ መሐል እግርና ጭብጨባ ይቀባበላል። በኮንጎዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናቱ መዘምራን ሳይቀሩ ቆመው መዘመር አያውቁም፤ መላ ሰውነታቸው ነው የሚዘምረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሁለት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆችን በጭፈራ ፈትነው ነበር። መጀመሪያ ልጆቹን ሆን ብለው በሁለት ቡድን ከፈሏቸው፤ እኛና እነሱ እንዲባባሉ። ቀጥሎ ከሁለቱም ቡድን የመጡ ልጆችን አንድ ላይ አንቀሳቀሷቸው። በአንድ ምት እኩል የተንቀሳቀሱት ልጆች ለሌላው ቡድን የነበራቸው ቅርበት ጨመረ። እኩል ያልተንቀሳቀሱት እንዲህ አልሆኑም። ልብ በሉ፤ ድንበሩ የተሻገረው ልጆቹ ተቀላቅለው ስለተንቀሳቀሱ ነው።

መድረክ ብቻውን አይበቃም

በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ በጁን 20፣ የዓለም የስደተኞች ቀን ይከበራል። ድንኳን ይተከላል፣ እንግዶች ይመጣሉ፣ ንግግር ይደረጋል። ከዚያ «ቀጥሎ የእገሌ ኮሚኒቲ» እየተባለ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ጭፈራ ያቀርባል። ደስ ይላል፤ ባህላችንን ማሳየታችንም ተገቢ ነው። ግን እስቲ ልጆቹን እዩአቸው። የእኛዎቹ ጨፍረው ይወርዳሉ፣ የደቡብ ሱዳኖቹ ይወጣሉ። አንዱ ሌላውን ቆሞ ያያል። ሽልማት ካለበት ደግሞ «እኛ በለጥን» ተባብለው ይመለሳሉ። ተያይተዋል፤ አብረው ግን አልተንቀሳቀሱም።

ከዝግጅቱ መጨረሻ ላይ 15 ደቂቃ ብትቀነስና አንድ ከበሮ መሐል ተቀምጦ የሁሉም ልጆች በአንድ ክብ ቢገቡ ምን ይጎድላል? ትምህርት ቤቶቻችንስ? የኬንያ ተማሪዎች የባህል ጭፈራ ለሙዚቃ ፌስቲቫል ሲለማመዱ ከየአገሩ ልጅ ተቀላቅሎ ይሰለፋል። የሶማሌ ልጅ የቱርካናን እርምጃ፣ የእኛ ልጅ የሌላውን ይማራል። ለዋንጫ ከሚደረገው ይልቅ ለወራት የሚደረገው ልምምድ ነው ልጆቹን የሚያስተሳስራቸው።

ከበሮ ለጦርነትም ይመታል

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ አናስውበው። ሽለላና ፉከራ ለምን ነበር? ወታደር ለምን እኩል ይረግጣል? ዊልያም ማክኒል የተባሉት የታሪክ ምሁር በ1941 አሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሰልፍ ሲማሩ የተሰማቸውን ስሜት ሳይረሱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 አብሮ መርገጥና መጨፈር ሰዎችን እንዴት እንደሚያስተሳስር የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኩል መርገጥ ሠራዊትንም ማኅበርንም ያስተሳስራል። በዚያው ምት ሌላውን ለመውጋትም መነሳት ይቻላል። ከአገራችን የወጣነው እኮ ይህን አይተን ነው! ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ልጄ ይጨፍራል ወይ ብቻ አይደለም። ክቡ ውስጥ ማን አለ? ማንስ ውጭ ቀርቷል? ብለን ነው።

ሌላም አለ። ከላይ ያነሳናቸው ፈተናዎች አብዛኛዎቹ ልጆቹን የለኩት ወዲያው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። አንድ ቀን ተጨፍሮ የዓመት ጠብ አይጠፋም። ሰፋ ባለ ጊዜ የታየው በእንግሊዝ አገር ነው። ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆች አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በቡድን የሙዚቃ ጨዋታ ሲጫወቱ ቆይተው የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታቸው ከሌሎች ልጆች ይልቅ አደገ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የታተመው። እንግዲህ ነገሩ እንደ ተክል ውኃ ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ሳይቋረጥ። ደግሞም የራበው ልጅ አይዘልም። በ2025 ራሽኑ ሲቀነስ ያየነው ይህንን ነው። ከበሮ የእህልን ቦታ አይተካም፤ ተካ የሚል ካለም አንስማው።

ምን እናድርግ?

ዋና ወጪው ጊዜ ብቻ የሆነ ጥቂት ምክር እነሆ፦

አንደኛ፣ ክብ ይሁን እንጂ መድረክ አይሁን። ክብ ውስጥ ሁሉም ይተያያል፤ ተመልካች የለም።

ሁለተኛ፣ ምቱ ቀላልና ዝግ ያለ ይሁን። ባዶ ጄሪካን ተገልብጦ ጥሩ ከበሮ ይሆናል። አዲስ የመጣ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መግባት ካልቻለ ምቱ ከብዷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አውራጁ ይቀያየር። ዛሬ የእኛ ልጅ፣ ነገ የብሩንዲዋ፣ ከነገ ወዲያ የቱርካናው። መሪ የሆነ ልጅ የተመሪን ስሜትም ያውቃል።

አራተኛ፣ ልጆቹን ቀላቅሉ። ከአንድ ብሎክ የመጡ ጎን ለጎን አይቁሙ። ከላይ እንዳየነው ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ምክንያት ዘፈንና ጭፈራ የማይፈቅድ ቤተሰብ ካለ አክብሩት። የእጅ ጭብጨባ ጨዋታ፣ ገመድ ዝላይ፣ ዥዋዥዌ፣ እኩል መራመድ ሁሉ ያው ነው። በእግሩ መቆም የማይችል ልጅም ምቱን ይምታ፤ ሁሉም እሱን ይከተለዋል።

ስድስተኛ፣ ሴቶች ልጆችን አትርሱ። ውኃና ማገዶ የሚያመጡት እነሱ ስለሆኑ ለጨዋታ የሚቀራቸው ጊዜ ትንሽ ነው። ሳይመሽ፣ በታወቀ ቦታ፣ አንድ እናት ወይም አባት እያለ ይሁን። ያን ግማሽ ሰዓት ከሥራቸው ላይ ቀንሱላቸው።

ውድ ወላጆች፣ ፕሮሰሱ መቼ እንደሚያልቅ አናውቅም። አንዳንዱ ነገ ይሄዳል፣ አንዳንዱ 20 ዓመት ይቆያል። ልጆቻችን ግን እስከዚያ ድረስ እዚሁ፣ ከእነዚሁ ልጆች ጋር ነው የሚያድጉት። ጎረቤት መርጠን አልመጣንም። የጎረቤታችንን ልጅ ስም ግን ልጃችን እንዲያውቅ ማድረግ እንችላለን። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ስትል፣ አንድ ጄሪካን ይዛችሁ ከብሎካችሁ ጫፍ ላይ ቁጭ በሉ፤ መምታትም ጀምሩ። ልጆቹ የመጡበትን አገር ሳትጠይቁ አስገቧቸው።

ለሚቀጥለው ዕትም በእናንተ ሰፈር ልጆች ምን ምን ተጫውተው አብረው እንደሚንቀሳቀሱ ጻፉልን፤ መጻፍ ያልቻለ በቃል ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።